ባሌን ማስተርስ ላስጨርስ የቡ ማዶ ደርሼ መጣሁ

ቅዳሜ ንጋት፣ ጊንጆ

ጀማል ከፈጅር ሶላት በኋላ አልተኛም። መኪናዋን ላሞቅ ስወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ስልክ በፕላስተር ያስራል። ጎረቤታችን ከመስጊድ ሲመለስ አይቶት ቆም አለ፤ ሰላምታ ሰጥቶ ምንም ሳይጠይቅ አለፈ። በጅማው ሰፈራችን በጊንጆ ባለቤቴ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለቀ ቆይቷል።

ይህን ገጽ አዲስ ለምታነቡ ላስተዋውቃችሁ። ሰዓዳ እባላለሁ። መርካቶ፣ የእኛው የጅማው መርካቶ፣ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ሱቅ ስዘጋ ደግሞ የሄድኩበትን እጽፋለሁ። ጀማል ባለቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምሯል። ሃምሳን ካለፈ በኋላ፣ እኩዮቹ ስለ ጡረታና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩ፣ እሱ ተነስቶ በኢንተርኔትና በቴሌኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ማስተርስ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። እናቱ ይህን ስትሰማ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ ቤት ውስጥ ተጣልታችኋል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

አብረውት ከሚማሩት ብዙዎቹ የድሮ ተማሪዎቹ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቡ የሚያወራ ካለ ሳያስበው "ወደ ፊት ተመልከት" ይል ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት የሆነው ጎረምሳም ወደ ፊት ይመለከታል። ከሁሉ የሚገርመው አማካሪው፣ ዶክተር ሜሮን፣ እሷም ተማሪው ነበረች። እሱ "ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉት" ይላታል፤ እሷ "ቲቸር" ትለዋለች። ስልክ ሲነጋገሩ ማን ማንን እንደሚፈራ አይታወቅም።

የመመረቂያ ጽሑፉ ነገር እንዲህ ነው። የሞባይል ሞገድ ከታወር ተነስቶ ሲመጣ ቅጠል ይውጠዋል። የእኛ አገር ቡና ደግሞ የሚበቅለው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ ጀማል፣ ታወሩ እዚህ ነው፣ ኮረብታው እዚያ ነው፣ ዛፉ ይህን ያህል ነው ብሎ፣ በቡና አገር ስልክ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ኮምፒውተር የሚገምትበትን ስሌት ሠራ። ግምቱ ካርታ ላይ ይወጣል፤ ስልክ የሚሠራበት አረንጓዴ፣ የማይሠራበት ቀይ። ካርታው እኛ ሳሎን ተሰቅሏል፤ የሠርጋችን ፎቶግራፍ የነበረበት ቦታ ላይ።

ጽሑፉን በአማካሪዎችና በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ቤታችን ለድግስ ተዘጋጅቷል። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቱ ፈቲያ ቀሚስ አሰፍታ ቀኑን ትጠብቃለች። ዶክተር ሜሮን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከየቡ ማዶ ያለው ሸለቆ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው፣ ነገር ግን ሄዶ የለካው የለም። ሄደው ያረጋግጡልኝ አለችው።

ለእኔ የተነገረኝ ግን ሌላ ነው። አጋሮ ሄደን ምሳ እንበላለን፣ በመንገዳችን የቡ ላይ ትንሽ ቆም እንላለን ተብያለሁ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ኮምፒውተሩን ማየት አለበት። ባለትዳር የሆናችሁ ሁሉ "ትንሽ ቆም" ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መርካቶ

ፀሐይ ሳትወጣ መርካቶ ነቅቷል። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ጆንያ የተሸከመው ሁሉ አንድ መንገድ ላይ ነው። የጫት ነጋዴዎች እስሩን በኮባ ጠቅልለው ይደረድራሉ፤ እህል በረንዳው በር ላይ በቆሎ ይራገፋል። ሰው ቤት ከተገባ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ስኳርና ሳሙና ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ጀማል እንጨቱን በመስኮት አውጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቷል፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገቡ ቆሞ ሰልፊ እየተነሳ እንደሆነ ይጠይቀዋል።

ጀማል ሰው ሲጠይቀው ይወዳል። ስለ ሞገድ፣ ስለ ቅጠል፣ በቅጠል ውስጥ ስላለው ውኃ ከስር ከመሠረቱ ማስረዳት ጀመረ። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጋሪ ቆሟል፤ አህያዋ ራሷ ሰልችቷታል። ሾፌሩ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጠው። ከዚያ "ይመችህ ፋዘር" ብሎት ሄደ። ጀማል እስከ ከተማው መውጫ ድረስ፣ ገብቶታል፣ በደንብ ገብቶታል እያለ ደስ ብሎት ነበር።

የየቡ መንገድ

ኅዳር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት ወር። ከጅማ ወጥቶ ወደ የቡ የሚሄደው መንገድ ዳርና ዳሩ ቀልቷል። ከየግቢው ፊት ለፊት በሽቦና በእንጨት የተሠራ የቡና ማድረቂያ አልጋ አለ፤ አልጋ የሌለው ሸራ አንጥፏል። ሴቶች እያገላበጡ፣ የተበላሸውን እየለቀሙ ይጥላሉ። ሕፃናት ቅርጫት ይዘው፣ ጎረምሶች ጆንያ ሞተር ብስክሌት ላይ ጭነው ያልፋሉ። አቮካዶ በየመንገዱ ተከምሯል፤ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ፍሬ የሚጠይቁት ዋጋ እዚህ ዘንቢል ይሞላል።

ጀማል ይህን ሁሉ አላየም። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። "ቀስ በይ" ይላል፤ ቀስ እላለሁ። "ትንሽ ቁሚ" ይላል፤ እቆማለሁ። ደግሞ "ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ" ይላል፤ በስሌቱ የተገመተው ከተለካው ጋር ሲገጥምለት ፊቱ ልጅ የወለደ ሰው ፊት ይመስላል። እስከ የቡ ድረስ መንገዱ ሁሉ ገጠመለት። እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ነገር ሊያልቅልን ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፎቶግራፌን ግድግዳዬ ላይ መመለስ ፈልጌ ነበር።

የቡ

የቡ ትንሽ ከተማ ናት፤ በዚህ ወር ግን የቡና ገንዘብ ስለገባ ሻይ ቤቱ ሁሉ ሞልቷል። ጨጨብሳ በማር በላን። የሻይ ቤቷ ባለቤት የምንሄድበትን ሰምታ፣ ሸለቆው ውስጥ መኪና እንደማይገባ ነገረችን። ከዚያ ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡ አንድ ጺማቸው የነጣ ሰው ጠራችልን። አባ ሚልኪ ይባላሉ። ቡናቸውን በበቅሎ አምጥተው ሸጠው፣ ባዶ በቅሎ ይዘው ወደዚያው ሸለቆ ሊመለሱ ነበር።

አባ ሚልኪ እንጨቱን አዩ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ስልክ አዩ። ከመቀመጫቸው ተነስተው የጀማልን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። "በጋ ነጋን ዱፍተን" አሉ፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ ማለታቸው ነው። ኔትወርክ የሚያስገቡት ሰዎች ይመጣሉ ሲባል ስንት ጊዜ ጠበቅናችሁ አሉ።

ጀማል ደንግጦ እኔ ተማሪ ነኝ አለ። አባ ሚልኪ ሽበቱን አዩና ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቁት። ማስተርስ አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። በአዘኔታ ዓይን እያዩት "ብዙ ጊዜ ደግመው ነው?" አሉት።

ሻዬ ትን አለኝ። ጀማል ለአንድ አፍታ ተቆጥቶ ነበር፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። አባ ሚልኪ ግን ቀልድ አልተናገሩም፤ ለምን እንደምንስቅ አልገባቸውም። ለማንኛውም በቅሎዋን ለእንግዳው ሰጡ።

ወደ ሸለቆው

እንግዲህ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ባለቤቴ በቅሎ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በነጠላዬ ታስሮ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው የመጥረጊያ እንጨት ቀጥ አድርጎ ይዟል። ከፊት አባ ሚልኪ፣ ከኋላ እኔ በእግር። ያገኘነው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ አባ ሚልኪም ለሁሉም በኦሮምኛ፣ ኔትወርክ ነው፣ ኔትወርክ ነው እያሉ ያሳልፋሉ። ጀማል "ተማሪ ነኝ" ይላል። ማንም አልሰማውም።

መንገዱ በቡና ተክል መሐል ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የዋንዛና የብርብራ ዛፎች ገጥመው ሰማይ አይታይም። ቡናው ሥር አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚሰማው የለቃሚዎች ድምፅና የወንዙ ውኃ ብቻ ነው። አገሬን ስንት ጊዜ አየሁ እላለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም ነበር። መኪና የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ለእኔ ከካርታ ውጭ ነበር ማለት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያቺ የጀማል "ጥሩ ነው" የምትለዋ ቃል ቀረች። በቅሎዋን አስቁሞ ወረደ፣ ስልኩን አጥፍቶ አበራ፣ እንጨቱን ከፍ አደረገ፣ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። ካርታው አረንጓዴ ይላል። ስልኩ ምንም አይልም። ሌላ ስልክ ከኪሱ አወጣ፤ እሱም እንደዚያው። የእኔን ተቀበለኝ፤ የእኔም ያው ነው።

ቀልድም ምክርም አድርጌ "ተወው ጀማል፣ አንድ ሸለቆ ነው፤ አጋሮ ሄደን ምሳችንን እንብላ" አልኩት።  አባ ሚልኪ ቤቴ ሳትገቡማ አትሄዱም አሉ።

አባ ሚልኪ ቤት

ቤታቸው ወንዙ የሚታጠፍበት አጠገብ ነው። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈልን፤ ምንጣፉ ሳይሞቅ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ታወሩ መቼ እንደሚተከል ጠየቁ። ሌላው ከቡና መሬታቸው ጥግ ለታወሩ ቦታ በነፃ እንደሚሰጡ ተናገሩ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች የማን መሬት ይሻላል በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከሩ።

ጀማል ይህን ሲሰማ ተነስቶ ቆመ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚቆመው። ታወር የሚተክለው እሱ እንዳልሆነ፣ ሥልጣንም ገንዘብም እንደሌለው፣ የመጣው ለትምህርቱ ለመለካት ብቻ እንደሆነ በኦሮምኛ አስረዳ። ፊታቸው ላይ የነበረው ተስፋ ሲወርድ አየሁት። ግን ተነስቶ የሄደ የለም። ማርቃው፣ ገንፎው ማለቴ ነው፣ እሳት ላይ ነበር፤ እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው።

ለማካካስ ነው መሰለኝ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ካርታውን አሳያቸው። ጅማ ይኸው፣ የቡ ይኸው፣ ወንዙ ይኸው እያለ። ሁሉም ተጠጋ። በዚህ መሐል የአባ ሚልኪ ልጅ፣ እሷው ራሷ ሚልኪ፣ ማርቃውን ይዛ ወጣች። መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት ትልቅ ገበታ ነው። አስቀምጣ አልሄደችም፤ ከኋላችን ቆማ ካርታውን ታያለች። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው።

"እኛ የት ነን?" አለች።

ጀማል በጣቱ አሳያት። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ።

"ምን ቀለም ነን?"

"አረንጓዴ።"

"አረንጓዴ ምን ማለት ነው?"

ጀማል መነጽሩን አወለቀ። "ስልክ ይሠራል ማለት ነው" አላት።

 አባ ሚልኪ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። "ታዲያ ለስልኩ አልነገራችሁትም" አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ጀማልም አብሮ ሳቀ። ሚልኪ አልሳቀችም። ወደ ውስጥ ገባች።

እሷ ከገባች በኋላ አባ ሚልኪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ባለፈው ክረምት ሚልኪ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ይዟት ነበር። ነገሩ ጠንቶ አዋላጇ ሆስፒታል ትሂድ አለች። አምቡላንስ ለመጥራት አንድ ጎረምሳ በዝናብ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ስልኩ እስኪይዝለት፣ ድምፁ እስኪሰማለት ብዙ ቆየ። አምቡላንሱ ከመንገዱ ማለፍ አልቻለም፤ እነሱም ሚልኪን በቃሬዛ ይዘው ሊደርሱበት ወጡ። ሚልኪ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሽማግሌው ይህን የነገሩን እንደ አቤቱታ አይደለም። አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ አሉና ብሉ እንጂ ማርቃው ቀዘቀዘ አሉ።

በላን። ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም። ሚልኪ የእጅ ውኃ ይዛ ወጣች። ለጀማል እያፈሰሰችለት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይህን ካርታ የሚያዩት ሰዎች እዚህ ይመጡ እንደሆነ ጠየቀችው። ጀማል ባለሥልጣን ቢያየውም፣ መሐንዲስ ቢያየውም ካርታውን ብቻ እንደሚያዩ፣ እዚህ ድረስ እንደማይመጡ እውነቱን ነገራት።

"እንግዲያው እዚያ ላይ ምንም አልጎደለንም" አለች።

ማሰሮውን ይዛ ገባች።

እንደገና የቡ

ስንመለስ ጀማል በቅሎ አልወጣም አለ። ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤ እየደከመው፣ እንጨቱን ምርኩዝ አድርጎ። አባ ሚልኪ ግማሽ መንገድ ሸኙን። ለእኔ አንድ ጥቅል ጎደሬ ጨመሩልኝና ሃዳ ኸይሪያ፣ የኸይሪያ እናት፣ በርቱ አሉኝ፤ ኸይሪያ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ በእነሱ ወግ እናት በልጇ ስም ትጠራለች። በዚያ ቀን በዚያ ቤት በልጄ ስም መጠራት ከብዶኝ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የቡ ስንደርስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለዶክተር ሜሮን ደወለ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሸለቆው ቀይ መሆኑን ነገራት። እሷም ጥያቄዎች ጠየቀችው፤ መሣሪያውን አረጋግጠው ነበር ወይ፣ ስንት ቦታ ለኩ፣ ቅጠሉ ምን ይመስል ነበር። ከዚያ አረጋጋችው። ከዚያ ሁሉ የተለካ ቦታ መሐል አንድ ሸለቆ ቢያፈነግጥ ስሌቱን እንደማይጥለው፣ በጽሑፉ መጨረሻ አንድ አንቀጽ ጽፎበት በተቆረጠው ቀን ማቅረብ እንደሚችል ነገረችው። ማንም አይቃወምዎትም አለችው። እኔ በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወዲያው ሚልኪ ትዝ አለችኝና አፈርኩ።

ጀማል መሪው ላይ ያለውን እጄን አየ፤ መንገዱን አየ።

"ዶክተር፣ የለካሁት ሁሉ መኪና የሚሄድበትን ነው" አላት። "ስሌቴ የገጠመው መንገድ ላይ ነው። ሰው የሚኖረው ደግሞ ከመንገድ ወርዶ ነው። እዚህ ከተሳሳትኩ ሌላ ሸለቆ ሁሉ ተሳስቻለሁ።"

ዶክተር ሜሮን ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። 

"እንደገና ሊለኩ ነው ቲቸር? ቅጠሉ በሚረጥብበት በክረምትም?"

"በክረምትም።"

"የዘንድሮው ምረቃ ያልፋል እኮ።"

"ይለፍ።"

"እትዬ ሰዓዳ ሰምተዋል?"

ሰምቻለሁ አልኳት። ልጅቷ ብልህ ናት፤ የቤታችን ዋና ፈታኝ ማን እንደሆነ ታውቃለች። አልተቆጣሁም። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ለዓመታት ስቀልድበት የኖርኩት ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ጫማው ጭቃ ነው፣ ነጠላዬን አቆሽሾታል፣ እና በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት አክብሬው አላውቅም። ይህንን ፊት ለፊት አልነገርኩትም፤ ያበላሸዋል።

ለፈቲያ ድግሱ መቅረቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። ወደቀ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አልወደቀም፣ ራሱን ጥሎ መጣ አልኳት። ድሮም ልጅ ሆኖ ፈተና ጨርሶ መልሶ ይሰርዝ ነበር አለች። ያን ቀን አጋሮ አልሄድንም።

ሐምሌ፣ ዝናብ

ክረምቱን ሙሉ ሱቄን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ ነዳሁ። የጅማን ዙሪያ እንዲህ አድርጎ ያየ ጉዞ ጸሐፊ ካለ ይምጣና እንወያይ። ወደ አጋሮ በኩል፣ ወደ ሊሙ በኩል፣ ከአስፋልት እየወረድን፣ መኪናዋን ሰው ግቢ እያቆምን፣ በእግር፣ በበቅሎ፣ አንዳንዴም ተንሸራተን በመቀመጫችን። ጀማል አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሲጎትቱት ኮምፒውተሩን ከጭንቅላቱ በላይ አድርጎ "መጀመሪያ እሱን ተቀበሉኝ" ይል ነበር። ተቀበልነው። ጀማልን ግን ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ልንተወው ተማክረን ነበር።

አባ ሚልኪ ሸለቆ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ሚልኪ ራሷ ወጥታ ጃንጥላ ያዘችልን፤ ለእኛ አይደለም፣ ለኮምፒውተሩ። ከቤት ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ቡናው፣ ከቡናው ወደ ኮረብታው አብራን ዞረች። ብዙ አላወራችም። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ያ ጎረምሳ የቆመበት ይሄ ነው አለች። ጀማል እዚያ ቆሞ ለካ። ስልኩ ይይዝና ይለቃል። ጻፈው። እሷም እስኪጽፍ ድረስ ጃንጥላውን አላነቃነቀችም።

ጥቅምት፣ ጅማ

ጽሑፉን አቀረበ። እኔና ፈቲያ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር፤ ፈቲያ በዚያ ቀሚስ። አንድ ፈታኝ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ካርታ ከአሁኑ ይልቅ ብዙ አረንጓዴ እንደነበረው አንስቶ፣ ሥራዎ ወደ ኋላ አልሄደም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጀማል ሄዷል አለ። የመጀመሪያው ከመኪና ላይ እንደተለካ፣ ይህኛው ግን ሰው ከሚኖርበት እንደተለካ፣ ቀዩ የጨመረው አገሩ ስለተበላሸ ሳይሆን እሱ ስለወረደ እንደሆነ በእርጋታ አስረዳ። ዶክተር ሜሮን ወረቀቷን አቀርቅራ ታይ ነበር፤ ፈገግታዋን ልትደብቅ መሰለኝ። አለፈ፤ ጥሩ ውጤት አገኘ። ሰፈር ውስጥ ዶክተር ማለት ጀምረውታል። መጀመሪያ ማስተርስ ነው እያለ ያርም ነበር፤ አሁን ማረሙን ትቶታል፤ እየተከታተልኩት ነው።

ስለ ታወር የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። አልተተከለም። ካርታው ለሚመለከታቸው ቢሮዎች ደርሷል፤ ማን እንዳየው አናውቅም። ያላየሁትን አልጽፍም።

ኅዳር፣ የቡ ማዶ

ጽሑፉ ተጠርዞ ወጣ። ጥቁር ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል ስሙ። ቤት ውስጥ አጠገቡ ሻይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ኸይሪያ ልታገላብጠው ስትል እጅሽን ታጠቢ ተብላለች። ይህን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለአባ ሚልኪ ላሳይ አለ፤ እኔም ነዳሁ።

ቡናው እንደገና ቀልቷል። አባ ሚልኪ በረንዳው ላይ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ክብደቱን መዘኑ። ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜ አሉ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ገለጥ ገለጥ አድርገው ለልጃቸው ሰጧት። ሚልኪ ፊደሉን አልፋ፣ ሥዕሉን አልፋ፣ ካርታው ያለበት ገጽ ላይ ቆመች። የረዳት የለም። በጣቷ ከየቡ ተነስታ ወንዙን ተከትላ ወረደች፤ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀይ ነው።

ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቦ ነበር፤ ፊቷ ግን አላዘነም።

"ይህቺን ገጽ ብቻ ልውሰዳት?" አለችው።

አባ ሚልኪ ተቆጡ፤ ነውር ነው፣ የሰው መጽሐፍ ነው አሉ። እኔም ፎቶ ኮፒ እንልክልሻለን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጀማል መጽሐፉን ከእጇ ተቀበለ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ገጿን ከሥሯ አጥፎ በጥፍሩ ጫነ፣ ቀስ አድርጎ ቀደዳትና ሰጣት።

መጽሐፉ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይታያል። አንድ ገጽ ይጎድለዋል፤ ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ ጀማል ከስር ከመሠረቱ ያስረዳል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ።